ዶማ የያዘ ንጉሥ



እዚህ አጅባር የጸሎት ቤታችንን አጥር በምናሠራበት ጊዜ ድንጋዩ የሚመጣው ከታች ከወንዙ ዳር ነበር። መኪና የሚያስገባ መንገድ ስለሌለ ምእመናኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጡ በትከሻቸውና በጀርባቸው ያመላልሱ ነበር። ወጣቶች ነበሩ፤ እናቶች ነበሩ፤ ከገበያ የተመለሱ ገበሬዎችም ነበሩ። እኛ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ደግሞ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆመን ሥራውን በጸሎት እንደግፍ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንዲት አረጋዊት እናት ድንጋይ አውርደው ወገባቸውን እየያዙ ወደ እኛ ዞር አሉና፣ «ልጆቼ፣ ጸሎታችሁን እግዚአብሔር ሰምቷል፤ ድንጋዩ ግን ገና አልሰማም» አሉን።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከአንገት በላይ ነበር። ማታ ቤታችን ገብተን ያቺን ቃል ስናስባት እንቅልፍ ነሣችን። በዚያው ሌሊት ትዝ ያለን የአንድ ንጉሥ ታሪክ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁም ከዚያ ንጉሥ ስለ መሪነት፣ ስለ ኃላፊነትና ስለ ዕለት ኑሮ ምን መማር እንደምንችል፣ ምን ደግሞ መማር እንደሌለብን ነው።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን «ክፉ ቀን» የሚባለው ዘመን መጣ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሰሜን በኩል ገብቶ የሀገሩን በሬ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቁ፣ አንበጣውና በሽታው ተጨመረበትና ሕዝብ አለቀ። ይህ የእኛ የወሎ ደጋ ያን ጊዜ ምን እንዳየ አያቶቻችን ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት እንዲህ ያለውን ሀገር ነው። እህል ካለበት ጎተራ እያወጡ ለተራበው አከፋፈሉ። ይሁን እንጂ በሬ የሌለው ሕዝብ መሬቱን በእጁ ካልቆፈረ ጎተራው የሚያዘልቀው እስከ መቼ ነው? መቆፈር ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ባለርስቱ በሬ ጠምዶ ማረስ እንጂ ዶማ ይዞ መሬት መጫር ክብሩን የሚነካ መስሎ ታየው።

ንጉሡ በዚህ ጊዜ በአዋጅ ብቻ አልተወሰኑም። ዶማ ይዘው ራሳቸው ቆፈሩ። ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኳንንት ምን ማመካኛ ይኖረዋል? መኳንንቱ ሲቆፍር ያየ ገበሬስ ምን ያሳፍረዋል? በዚያው ዘመን ሕዝቡ ያጣውን የበሬ ሥጋ እኔ ብቻዬን አልበላም ብለው እንደተዉም ይነገራል። ንጉሥን የሚያህል ሰው በዶማ የሚያወጣው እህል አንድ ቤተሰብ እንኳ አይመግብም። ያ ዶማ ግን ሺህ ዶማ አስነሣ።

ይህ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የት ተማረው ብለን ብንጠይቅ፣ ከትምህርት ቤቶቹ አንዱ የሚገኘው በእኛው በደቡብ ወሎ ምድር ነው። ምኒልክ ሸዋ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ስትወድቅ በ1848 ዓ.ም. የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሆነው ተማረኩ። ወደ መቅደላ አምባ ተወስደውም እስከ 1857 ዓ.ም. በግዞት ቆዩ። ቴዎድሮስ ልጁን አልበደሉትም። በቤተ መንግሥታቸው አሳደጉት፤ ልጃቸውንም ዳሩለት። ምኒልክ እንግዲህ ያደጉት የአንድን ታላቅ ንጉሥ ብርታትም ድካምም ከቅርብ ሆነው እያዩ ነው።

አፄ ቴዎድሮስም ድንጋይ የሚሸከሙ ንጉሥ ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋፋት የሠሩላቸው ከስዊዘርላንድ ከክሪሾና የመጡ የወንጌል መልእክተኞች ናቸው። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ የታዘዙ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ቢሆንም ለሌላ ጊዜ እናቆየው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲጎተት መንገድ አልነበረም፤ ገደሉ እየተናደ፣ አለቱ እየተፈለጠ ወራት ፈጀ። ንጉሡም ከወታደሩ ጋር አብረው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይዝቁ ነበር። እንግዲህ አብሮ መሸከም ብቻውን መሪን ጥበበኛ የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ፣ ከቴዎድሮስ የሚበልጥ ባልተገኘ ነበር።

ነገር ግን ያ ሁሉ ድካም በመጨረሻ ምን ሆነ? መድፉ መቅደላ በደረሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ሥር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ንጉሡ በቁጣ ነደዱ። ዳቦና ውኃ ብለው የጮኹትን እስረኞች ወደ ገደል አስወረወሩ። ቁጣቸው ሲበርድ ተጸጸቱ፤ የሞተውን ግን ጸጸት አይመልሰውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን አጠፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው። ምሳሌ 16፥32 ከኃያል ሰው ይልቅ ለቁጣ የዘገየ፣ ከተማ ከሚይዝም ይልቅ በመንፈሱ ላይ የሚገዛ እንደሚሻል የሚነግረን ይህንኑ ነው። ያን ታላቅ ብረት ተራራ ላይ ያወጣው ንጉሥ የገዛ ልቡን ማውረድ አቃተው።

ምኒልክ ይህን አይተው ሳይማሩ አልቀሩም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ማረኩ። የተማረኩት ንጉሥ ቆስለው ነበር። ምኒልክ ቁስላቸውን እንዳስታመሙላቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ፤ በኋላም ለቀቋቸው። ከ14 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ስትቆም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነሠራዊታቸው ከምኒልክ ጎን ነበሩ። ያን ቀን እምባቦ ላይ ቁጣ ቢፈርድ ኖሮ ዓድዋ ላይ አንድ ክንፍ ይጎድል ነበር። እስቲ እያንዳንዳችን እናስብ፤ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ በአንዲት የቁጣ ቃል ያባረርነው ወንድም ስንት ነው? ነገ በምንቆምበት የከበደ ቀን ከጎናችን የምናጣው እርሱን አይደለምን? እኛ ይህን የምንጠይቀው ንጹሕ ሆነን አይደለም። በሥልጣናችን ተናግረን፣ ዛሬም ድረስ በራችንን የማይረግጥ ወጣት አለን።

ምኒልክ ቀልድ አዋቂም ነበሩ ይባላል። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል በከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር አዩት ሲባል ሰምተናል። ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስበው ይዘው ሄዱ፤ በሉ፤ ሒሳቡን ከፈሉ። በማግሥቱ ግን ዝር ያለ ሰው አልነበረም። መኳንንቱን አስጠርተው፣ ትናንት የበላችሁት በእኔ ኪስ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ኪሳችሁን ይዛችሁ ግቡ ዓይነት ነገር አሏቸው ይባላል። በዚህ ቀልድ ውስጥ ቁም ነገር አለ። አዲስ ነገር የሚያመጣ መሪ መጀመሪያ ራሱ ይገባል፤ መጀመሪያ ራሱ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ና ክፈል የሚለው።

የዕለት ኑሮን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የ1900 ዓ.ም. አዋጃቸው ነው። በሀገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ንጉሡ ይህን ስድብ በአዋጅ ከለከሉ። ምክንያቱንም ሲሰጡ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ ነው፣ ሌላ ሁለተኛ ፍጥረት የለም የሚል አሳብ አስገቡበት። ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ ተቆጠረ። ከዘፍጥረት መጽሐፍ ተነሥቶ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ከአንድ መድረክም የተሻለ ስብከት ነው።

ከዚያ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እስቲ በሐቀኝነት እንነጋገር፤ በእኛ ጉባኤዎች ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ከገበሬ ልጅ ጋር እኩል ይታጫል? ሸክላ ሠሪዋ እኅታችን ቡና ስታፈላ ሁሉም ይጠጣል? በጌታ አንድ ነን ብለን እንዘምራለን፤ ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ ግን ዘር እንቆጥራለን። አንድ ምድራዊ ንጉሥ በቀለምና በወረቀት የከለከለውን፣ በክርስቶስ ደም የታጠብን ሰዎች በጓዳችን ስንሠራው መገኘታችን የሚያሳፍር ነው።

ስለ ኃላፊነት ደግሞ ወረኢሉን እናንሣ። ከእኛው ደጋ በደቡብ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ ሀገሩን ለጦርነት ሲጠሩ በጥቅምት የሚገናኙበትን ስፍራ ወረኢሉን አደረጉ። ያ አዋጅ በትእዛዝ አይጀምርም። እግዚአብሔር እስካሁን እንዳላሳፈራቸው፣ ሞትም ለማንም የማይቀር እንደሆነ ይናገራል። ከዚያም ንጉሡ ከሕዝባቸው ጋር ሒሳብ ይተሳሰባሉ፤ አውቀው ሕዝቡን እንዳልበደሉ፣ ሕዝቡም እንዳላሳዘናቸው ያነሣሉ። ጥሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስናነብ 1ኛ ሳሙኤል 12 ትዝ ይለናል። ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ማንን ሸነገልሁ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ብዙዎቻችን አገልጋዮች ሕዝቡን ስጡ፣ ጹሙ፣ ውጡ ስንል ደፋሮች ነን፤ በፊቱ ቆመን ሒሳብ ለመስጠት ግን ፈሪዎች ነን። የመባው ደብተር ለምእመኑ ሳይነበብ ስንት ዓመት ያልፋል?

በዚያው አዋጅ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይከተል፤ ጉልበት የሌለው በጸሎቱ ይርዳ ይላል አሳቡ። እዚህ ላይ ነው እነዚያ እናት የተናገሩት ቃል እንደገና የወጋን። በእኛ አጥር ሥራ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ጉልበት ያለን እኛ የደካማውን ድርሻ፣ ጸሎቱን፣ ወስደን በጥላ ሥር ቆመናል፤ ወገባቸው የጎበጠው እናት ደግሞ የብርቱውን ድርሻ ይሸከማሉ። ጸሎት ትልቅ ነገር ነው። ሰነፍ ሰው ሲሸሸግበት ግን ጸሎት መሆኑ ይቀራል።

እስካሁን የጻፍነውን በአንድ እሑድ ሰብከነው ነበር። ጉባኤውም ደስ ብሎት አሜን ሲል ነበር። ከጉባኤው በኋላ ግን ከወላይታ መጥቶ በመካከላችን የሚያገለግል አንድ ወንድም ወደ እኛ ቀረበ። ጨዋ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ ዶማው የነገራችሁን እውነት ነው፤ አልክድም። እኔ ግን ያደግሁት አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስለዚያው ንጉሥ ሠራዊት እየነገረችኝ ነው። አንድ ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ ስትሰብኩ ብሰማችሁ ደስ ይለኛል» አለን።

ምንም መልስ አልነበረንም። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ሰውና ከብት ተማርኮ ተነዳ፤ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። በእምባቦ የጠላቱን ቁስል ያስታመመ እጅ ያለው ንጉሥ፣ ሠራዊቱ በሌላ ስፍራ ያቆሰለው ስፍር ቁጥር የለውም። ወላይታ ደግሞ ዛሬ ወንጌላውያን የበዙበት ምድር ነው፤ ከዚያ የተነሡ አገልጋዮች በሀገሪቱ ዙሪያ ተሰማርተዋል። የእነርሱን እንባ ሳናነሣ የንጉሡን ጥበብ ብቻ ብንሰብክ፣ ከአንዱ ወንድም ጉሮሮ ወስደን ለሌላው ማጉረስ ይሆንብናል።

የወሎ ልጆች የሆንን እኛም ይህን መረዳት አይከብደንም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ ሰብሳቢነት፣ ምኒልክም ባሉበት፣ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሪዎቹ ተጠመቁ፤ ኢማም መሐመድ አሊም ሚካኤል ተባሉ። እምቢ ያለው ግን ተሰደደ፤ ሌላውም ቀን አጎንብሶ ማታ በሃይማኖቱ ጸና። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህን አልረሱም፤ እንዲረሱም አንጠብቅም። ንጉሥ እጅን ማዘዝ ይችላል፤ ልብን ግን አይችልም። ልብን የሚለውጥ የእግዚአብሔር መንፈስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንጌልን በማስፈራራት፣ በእርግማን ወይም በጥቅም የምንገፋ ከሆነ፣ ዘውድ ባንጭንም የነገሥታትን ስሕተት ወርሰናል ማለት ነው።

የምኒልክ ጥበብ በሌላም በኩል ወሰን አለው። በ1901 ዓ.ም. ታምመው ሳሉ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን፣ የወሎውን የራስ ሚካኤልን ልጅ፣ አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ ሞት በኋላ ባለመስማማት ስንት ሰው በከንቱ እንዳለቀ እያስታወሱ መኳንንቱን አንድ ሁኑ ብለው ተማጸኑ። ጥበብ ያለበት ምክር ነበር። በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም.፣ የሸዋና የወሎ ጦር ሰገሌ ላይ ተፋጀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ከዚህ ደጋ የዘመተ ብዙ ልጅ ሳይመለስ ቀረ።

ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆኖ ነበር። ከሰሎሞን የሚበልጥ ጥበበኛ ንጉሥ አልነበረም። ልጁ ሮብዓም ግን በ1ኛ ነገሥት 12 እንደምናነበው ሽማግሌዎቹ ለዚህ ሕዝብ አገልጋይ ብትሆንለት እርሱም ዕድሜውን ሁሉ ያገለግልሃል ብለው ሲመክሩት፣ ምክሩን ጥሎ ቀንበሩን አከበደ። መንግሥቱም በአንድ ቀን ለሁለት ተከፈለ። ጥበብ እንደ ርስት አይወረስም። የአባት ብልሃት ልጅን፣ የመሥራቹ መጋቢ ትሕትና ተተኪውን አያድንም። እያንዳንዱ ትውልድ በእግዚአብሔር ፊት ራሱ መንበርከክ አለበት።

እንግዲህ ከነገሥታት እንማር፤ ነገር ግን አንሰቀልባቸው። ዶማውን እንውሰድ፤ ሰይፉን እንተው። ቁስል ያስታመመውን እጅ እንምሰል፤ ያቆሰለውንም በግልጽ እንናገር። ፍጹም ንጉሥ ስንፈልግ ግን ዓይናችን ወደ መቅደላም፣ ወደ እንጦጦም አይሂድ። በዮሐንስ 13 ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ውኃ ቀድቶ፣ የሚክደውን የጴጥሮስንና አሳልፎ የሚሰጠውን የይሁዳን እግር ያጠበ ንጉሥ አለን። ስለ እርሱ የሚነገረውን ታሪክ ከወላይታ የመጣውም፣ ከወሎ የተወለደውም ሳይሸማቀቅ መስማት ይችላል፤ ያፈሰሰው የራሱን ደም እንጂ የማንንም ደም አይደለምና።

እናንተ ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ ይህን የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ እኛን መጋቢዎችን አይታችሁ ክርስቶስን አትመዝኑ። በጥላ ሥር ቆመን አግኝታችሁን ይሆናል። እርሱ ግን መስቀሉን ተሸክሞ የወጣው ራሱ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጋቢዎቹም ሽማግሌዎቹም ነጠላችንን አስቀምጠን ወደ ወንዙ ወረድን። እጃችን ለስላሳ ስለ ነበር ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ተላላጠ። ያ የወላይታ ወንድማችን ከፊት ከፊት እየሄደ መንገዱን ያሳየን ነበር። እነዚያ እናት በዚያ ቀን ድንጋይ አልተሸከሙም። ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎና ውኃ ይዘው ይጠብቁን ነበር፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልዩልን ነበር።

ጌታ እግዚአብሔር በመንፈሳችን ላይ የምንገዛበትን ጸጋ፣ የወንድማችንንም ሸክም የምንሸከምበትን ትከሻ ይስጠን። አሜን።